ሀያትን የከለከልኳት ብስክሌት

አሰላሙ አለይኩም አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ለጉልበትዎ የላክሁት ቅባት ደረሰ ወይስ እንደ አምናው መንገድ ላይ ቀረ? የእማዬስ ዓይን ተሻላት? በልጉስ ጣለ ወይስ ዘንድሮም ደመናውን አሳይቶ አለፈ? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ ግን አካሌን ነው። ልቤን ከጠየቁኝ ግራ ገብቶኛል፣ ራሴም አላውቀው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት ስንደዋወል ጎረቤቱ ሁሉ ስለሚሰበሰብ ነው። እዚህ ሪያድ የምትሠራው ዙበይዳ ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ስለሆነ ደብዳቤውን በእጇ ልኬዋለሁ። የምታነብልዎ ታናሽ እህቴ ሀያት መሆኗን አውቃለሁ። ሀያትዬ፣ ስምሽ ያለበት ቦታ ስትደርሺ ዘለሽ እንዳታልፊ፣ ድምፅሽንም እንዳትቀንሺ። እኔ እንደሆንኩ አውቅሻለሁ።

ለሀያት ሽማግሌ መላኩን ከነገሩኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። ትምህርቱን እንደሆነ ከተወች ወራት አለፉ፣ ቤት ከምትውል ትዳር ይሻላታል፣ ግን ያለ አንቺ ቃል አንመልስም ብለውኝ ነበር። ያዘገየኝ ብስክሌት ነው ብልዎ ይስቁብኛል። ቢሆንም እውነቱ እሱ ነው።

የአሠሪዬ የማዳም ልጅ ናዲራ ዳገት የምትወጣበት ብስክሌት አላት፤ ጎማው ወፍራም፣ ባለ ማርሽ። ሙቀቱ በረድ ካለበት ከኅዳር ጀምሮ በየጁምዓው ከሪያድ አንድ ሰዓት ነድተን፣ የማዳም እናት ወዳሉበት ገጠር እንሄዳለን። ሴትዮዋን እኛ ሠራተኞቹ ማማ ከቢራ እንላቸዋለን። የተምር እርሻ አላቸው፤ ከእርሻው ጀርባ ገደል የመሰለ ተራራ አለ። ናዲራና ጓደኞቿ እሱን በብስክሌት ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ፣ እኔ ምግብ አበስላለሁ። አባባ፣ እኛ ዳገት ሸሽተን ባሕር ተሻገርን፤ እነሱ ዳገት ፍለጋ መኪና ይነዳሉ! መንደርተኛው መጀመሪያ በር ይዘጋባቸው ነበር አሉ። አሁን ግን ገበሬዎቹ ራሳቸው ድንጋዩን ከመንገዱ ያነሱላቸዋል፣ ሴቶቹም እርጎ ይዘው ይወጣሉ።

ብስክሌቶቹን የማጥበው እኔ ነኝ። ሳጥብ እገፋቸዋለሁ፣ ስገፋ አንድ ቀን ወጣሁበት። ናዲራ አየችኝና ኮርቻውን ይዛ በተምሩ መሀል አስኬደችኝ። ሁለት ጊዜ ወድቄ ክርኔ ተልጧል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናንተማ እንዴት ብዬ!

እንግዲህ ባለፈው ጁምዓ የዘንድሮው ማብቂያ ሆነ። ከዚህ በኋላ ፀሐዩ ስለማያስወጣ እስከ ኅዳር አይነዱም። በማብቂያው ቀን በግ ይታረዳል፣ የመንደሩ ሴቶችም ይሰበሰባሉ። ደግሞ አንድ ልማድ አላቸው፤ በዚያ ቀን ቆሞ የሚያይ ሰው የለም፣ እንግዳም ሆነ ሠራተኛ እስከ አሮጌው ጉድጓድ ነድቶ ይመለሳል። እኔ ድስት አጥባለሁ ብዬ ወጥ ቤት ተደበቅሁ። ማማ ከቢራ በምርኩዛቸው መጥተው፣ ያላ ሰሚሃ፣ ያንቺ ተራ ነው አሉኝ።

ወጣሁ። ረጅሙን ቀሚሴን፣ አባያዬን፣ ሰብስቤ አስሬ ነዳሁ። ወደ ጉድጓዱ ትንሽ ዳገት አለችው፣ እሷን ስወጣ ሴቶቹ እልል አሉ። ስመለስ ማማ ከቢራ ይቆጡኛል ብዬ ዓይናቸውን ሸሸሁ። እሳቸው ግን መሪውን ይዘው አቆሙኝ፣ ውኃ ሰጡኝ፣ ባረከላሁ ፊኪ ብለው መረቁኝ። ያኔ አለቀስኩ። ናዲራ ማብቂያው ከፍቷት ነው ብላ አቀፈችኝ፤ እኔም አዎ አልኩ። ምን ልበላት?

ያስለቀሰኝ ሀያት ናት አባባ። ስምንተኛ ክፍልን ስታልፍ አጎቴ አብዱልወሀብ ከኮምቦልቻ ባለ ማርሽ ብስክሌት አመጣላት። ሐርቡ ትምህርት ቤት በእግር ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ እኔ ጠፍቶኝ አልነበረም። ሰው ግን ልጂቱ እግሯን ከፍታ ትነዳለች እያለ እንደሚያማ ስሰማ ደም ፍላቴ ተነሳ። በስልክ ጮኬ ዛሬውኑ ትሸጥ፣ ሴት ልጅ በብስክሌት ነውር ነው፣ እኔ በሰው አገር የምለፋው ለመንደር መሳቂያ ነው ወይ አልኩ። እርስዎም ብስክሌቷን በማግስቱ ለባለ ወፍጮው ለሳቢር ሸጧት። ሐሜተኞቹን ፈርቼ ልጂቱን መታሁ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ እየረፈደባት፣ እየደከማት፣ እየቀረች ይኸው ሽማግሌ መጣ።

አሁን ያልገባኝ ይህ ነው። ያኔ ነውር ያልኩት ነገር የት ሄደ? እዚያው ዳገት ላይ ፈለግሁት፣ የለም። ሴቶቹ በሉ፣ ጠጡ፣ ሰገዱ፣ እኔም አብሬያቸው ሰገድኩ። ወይስ ነውር ለእኛ ብቻ የተሰጠ ነው? ደግሞ መልሼ፣ በሰው አገር ያየሽውን ለአገርሽ አታምጪ እላለሁ። ሥራ ላይ ጨው ሁለቴ እየጨመርኩ ማዳም ምን ነካሽ ትለኛለች። ብስክሌቶቹ ተወልውለው፣ በአሮጌ አንሶላ ተሸፍነው መጋዘን ገብተዋል፤ ናዲራም ሥራ እንደፈታ ገበሬ ከክፍል ክፍል ትንከራተታለች። እኔ ግን መንገዱ አሁንም ከሥሬ የሚሄድ ይመስለኛል።

አንዴ ሳይገባኝ አዝዤ አበላሽቻለሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ መመለስ አልችልም። አሁንም ሳይገባኝ ዳግመኛ ባዝ፣ ትዳር ትያዝ ብልም ትማር ብልም ያው ያለፈው ጩኸቴ ነው። ስለዚህ ሀያትዬ፣ እዚህ ላይ ወረቀቱን ጭንሽ ላይ አድርጊና የልብሽን ለአባባ ንገሪ። ትምህርትም በይ፣ ትዳርም በይ፣ ብቻ ራስሽ በይው። አባባ፣ እስክትጨርስ እንዳያቋርጧት። እማዬም ቀድማ እንዳታለቅስባት። ሲያበቃ ንባቡን ትቀጥል።

ጨረስሽ? ምን እንዳልሽ እኔ እዚህ ሆኜ አላውቅም። እህትሽ ሳትቆጣሽ የተናገርሽበት የመጀመሪያ ቀን መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። አባባ፣ ሽማግሌዎቹ የሰሚሃ ቃል ምንድን ነው ሲሉዎ፣ አሁን ከሀያት አፍ የሰሙትን ይንገሯቸው። ቃሌ እሱ ነው።

እማዬን ዓይኗን ሳሙልኝ። ወንድሜን ሱልጣንን፣ ባለቤቱን ራህማንና ያላየኋትን አራስ ልጃቸውን ሰላም በሉልኝ። አጎቴን አብዱልወሀብን ያኔ ስላስቀየምኩት ይቅር ይበለኝ በሉት። ሀያት ራሷን በራሷ ትሳምልኝ። ለሳቢርም ሰላምታዬን አድርሱልኝ፤ ብስክሌቷ እስካሁን በእጁ ካለች፣ የሀያት መልስ እስኪታወቅ ድረስ ለማንም እንዳይሸጣት አደራ በሉልኝ። እኔ እንግዲህ ምንም አላልኩም።

ልጅዎ ሰሚሃ
ሪያድ፣ ሺፋ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.