ሀያት ለቅሶ የደረሰችበት ሳምንት

ሰኞ

ባሌ ሰዒድ ዛሬም እራት ላይ አነሳው። ልጃችንን ሀያትን ባምባሲ ያለችው እህቴ ዘንድ ልላካት ነው የሚለው። "ትምህርት ቤት ሄዳ ምን አተረፈች? እዚያ ዶሮ ብትጠብቅ ቢያንስ ሰው አይስቅባትም።" እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ልጅቱ አሥራ አምስት ሞላት፣ ሰባተኛ ክፍል ናት፣ በሒሳብ ማን ይደርስባታል። ችግሯ ሰው ላይ ነው። እጇን ሲነኳት ትጮሃለች፤ ሰላም ሲሏት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሆስፒታል ኦቲዝም ነው ብለውናል። አባቷ ቃሉን ሰምቶታል፣ ግን አሁንም አጉል ጠባይ ነው ብሎ የሚያስብ ይመስለኛል።

ለነገሩ አይፈረድበትም። መስጊድ ደጃፍ "ልጅህ ዛሬም ዘጋችን" ሲሉት ነው የሚውለው።

አሁን መምህርት ትዕግሥት ከትምህርት በኋላ እንደ ሀያት ያሉትን ልጆች ሰብስባ ከሰው ጋር መግባባትን ታሠለጥናለች። እስቲ ትንሽ ታገሠኝ አልኩት። እጁን ታጥቦ ተነሳ። እሺ ይሁን እምቢ፣ እኔ እንጃ።

ማክሰኞ

የዛሬው ትምህርት ሰላምታ ነበር። መምህርቷ በአራት ሥዕል ነው ያሳየቻቸው። ቁሚ። እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ (መጨበጥ ለማይወዱት ያመጣችው ዘዴ ነው፣ ትባረክ)። ፈገግ በዪ። "እንዴት ናችሁ? ምን አዲስ ነገር አለ?" ብለሽ ጠይቂ።

ቤት ገብታ በእኔ ተለማመደች፣ በአባቷ ተለማመደች፣ ፍየሏም አልቀረችም። ማምሻውን ሳሙና ልንገዛ ወጣን። ለባለሱቁ ለሸሪፍ ቆም ብላ አራቱንም አደረገችለት። ሰውዬው የያዘውን ስኳር አስቀመጠና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መለሰላት። እኔ ሳሙናውን ረስቼ ተመለስኩ።

ረቡዕ

ምነው ዛሬን ባልጻፍኩ።

የጎረቤታችን የሐሊማ ባል ሌሊት አረፉ፣ አላህ ይዘንላቸው። ከቀብር በኋላ ለቅሶ ልደርስ ስነሳ ሀያትን የምተውለት ሰው የለኝም፣ ይዣት ሄድኩ። ቤቱ በሴት ሞልቷል። ልጄ የበሩ ደፍ ላይ ቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ጥርሷ እስኪታይ ፈገግ አለች። "እንዴት ናችሁ? ምን አዲስ ነገር አለ?"

አዲስ ነገር። ሬሳ በወጣበት ቤት።

አንዷ "አስተግፊሩላህ" አለች። ሌላዋ "ይቺን ደግሞ ማን አምጪ አለሽ?" ብላ ወደ እኔ ዞረች። ደንግጬ እጇን ይዤ ጎተትኳት፤ ጮኸች፤ በጩኸት ወጣን። ወሬው ከእኔ ቀድሞ የወንዶቹ ድንኳን ገብቷል። ሰዒድ ሲመጣ አልተቆጣም፣ የከፋኝ ይሄ ነው። "ቅዳሜ ባምባሲ ትሄዳለች። ልብሷን አዘጋጂ" አለና ወጣ።

ሀያት አልጋዋ ላይ ሆና "የቱን ረሳሁ?" ትለኛለች። "አራቱንም አድርጌያለሁ እኮ።"

አዎ ልጄ፣ አራቱንም አድርገሻል።

ሐሙስ

ገበያዬን ትቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህርት ትዕግሥት ስነግራት አፏን ያዘች። "የደስታ ቀን ሰላምታ ብቻ ነው ያስተማርኳቸው፤ ለቅሶ ጭራሽ ትዝ አላለኝም" አለች። እኔም ብሆን ትዝ አላለኝም፣ በር ላይ ሳንደርስ አንድ ቃል ብነግራት ምን ነበር።

ከሰዓት እኔንም አስቀርታኝ ክፍሉን ለቅሶ ቤት አደረግነው። ወንበሩ ተገፋ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሐዘንተኛዋ እኔ ነኝ። ልጆቹ ተራ በተራ ገቡ። ፈገግታ የለም፣ ጥያቄ የለም። "አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ" ወይም "እግዚአብሔር ያጽናችሁ"፣ እንደየቤቱ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ዝም። አንዱ ልጅ "እዚህ ዝም ማለት ከተፈቀደ ሌላ ቦታ ለምን ትቆጡናላችሁ?" አለ። መምህርቷ ጥያቄውን ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ሀያት ግን አልገባችም። በር ላይ ቆማ ስታየን ቆየች፣ በቃ።

ማታ ልብሷን አጣጥፌ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ምን አማራጭ አለኝ።

ዓርብ

ሦስተኛው ቀን ነው፣ ዛሬ ለቅሶው ይበተናል። ብቻዬን ሄጄ ሐሊማን ይቅርታ ልጠይቅ ነበር ሐሳቤ። ሀያት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ደግሜ ልሥራው" አለች። ፈራሁ። ዳግመኛ ከተበላሸ ለሰዒድ የምለው የለኝም። ባትሄድም ደግሞ ነገ ቅዳሜ ነው፣ ባምባሲ መሄዷ አይቀርም። ሄድን።

ገባች። ፈገግ አላለችም። "አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ" አለች፣ ድምጿ ጮክ ብሏል፣ ምንም አይደል። ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሴቶቹ ግን የሦስተኛ ቀን ነገር፣ ወሬ ጀምረዋል። የሽንኩርት ዋጋ ተነሳ፣ የአንዷ ልጅ ሠርግ ተነሳ፣ ሳቅም ተሰማ። ሀያት ወደ እኔ ዞራ ሁሉም እየሰማ "እማ፣ ለቅሶው አለቀ?" አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሐሊማ ቀና አለች። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ በአማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም አንድ አድርጋ ነው የምትጠራው። "አላለቀም" አለች። "ልጅ ልክ ነው። እኔም ሆዴ ውስጥ ያለው ይሄ ነው።" አጠገቧ ያለችው ሴት ጠጋ እንድትል ነገረቻትና ልጄን "ና፣ እኔ ጋ ተቀመጥ" አለቻት። ሀያት ሄዳ ተቀመጠች። ሐሊማ አልነካቻትም። በመሃላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትታላት፣ ሁለቱም ምንጣፉን እያዩ እስክንነሳ ዝም አሉ። ሌላውም ሰው ዝም አለ።

ቅዳሜ

ሰዒድ ለሱብሒ ሶላት መስጊድ ሄዶ ዘግይቶ ነው የመጣው። የሐሊማ ወንድም ስለ ሀያት ሊያወራኝ አቆመኝ አለ። ምን እንዳለው አልነገረኝም፣ እኔም አላስጨነቅኩትም። ሻዩን ያማስላል፣ ያማስላል። በመጨረሻ "እህቴ ጋ ደውዬ ነበር። ለዚህ ሳምንት አይመችም አልኳት" አለ።

"ለእሷ ነው ለአንተ የማይመቸው?"

"አንቺ ደግሞ" አለና ሻዩን ጠጣ።

ለዚህ ሳምንት ነው ያለው። ስለሚቀጥለው አልጠየቅኩትም። እሱ እንደወጣ ቦርሳውን ፈታሁ። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ቢሆንም ሁሉንም መልሼ አጠብኩት። ገመዱ ሞልቷል። እርጥብ ልብስ ይዞ ባምባሲ የሚሄድ ሰው የለም።