ከድርቆሹ ጋር የመጣው ክኒን

ሐሙስ

ዋሸሁ። ያውም ለአባት።

የተማሪዬ የትርንጎ አባት አቶ ይግዛው ከሚኖሩበት ከዲማ ደውለው፣ «መምህርት፣ ያለፈው ቅዳሜ ሳያት ልጄ ከስታብኛለች፤ ምን ሆናብኝ ነው?» አሉኝ። ለትርንጎ ደግሞ ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። አፌ ላይ የመጣውን ለቀቅሁት፦ «ራሷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ጥናት በዝቶባት ነው።»

ጥናቱስ እውነት ነው። ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የጀመረችው ለፈተና ነቅታ ለማንበብ ነው፤ አንዷ የክፍሏ ልጅ «ድካም ያጠፋል» ብላ ሰጠቻት፤ ከዚያ ሱስ ሆነባት። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ርዕሰ መምህሩ «ልጆቹ ይቀርቡሻል» ብሎ እንዲህ ያሉትን ተከታተይ አለኝ። ከትምህርት በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ እናወራለን። ሆስፒታል አብረን ሄድን፣ ሐኪሙ ቀስ በቀስ አስቀነሳት፣ ይኸው አቁማለች። እንቅልፍ የላትም፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ግን አቁማለች!

ዓርብ

ዛሬ ሳቀች። ያመጣሁላትን ፓስቲ ሙሉውን በላች። «ቲቸር፣ ነገ አባቴ ስንቅ ያመጣልኛል፤ እርስዎም ዳቦ ይደርስዎታል» አለችኝ። ስለ አባቷ ስታወራ ፊቷ ይፈካል። እንዳልነግራቸው የምትለምነኝም ለዚሁ ነው። «ከሰማ ይሞትብኛል» ትላለች።

ቅዳሜ

ምን ጉድ ነው የሠራሁት?

አቶ ይግዛው ስንቁን ትርንጎ የተከራየችበት ቤት አድርሰው፣ ወደ መናኸሪያ ሲመለሱ እኔ ጋ ጎራ አሉ። ዳቦ ይዘውልኛል። ቀኝ ክንዳቸው በነጠላ ታስሮ ከአንገታቸው ተንጠልጥሏል። የቤታቸውን ክዳን ሲጠግኑ ወድቀው ነው። «ያምዎታል?» ስላቸው ሳቁ።

«እኔማ ምን እሆናለሁ። ጤና ጣቢያው ብርቱ ማስታገሻ ሰጥቶኝ ነበር። አንድም ሳልውጥ ለልጄ አመጣሁላት። ራሷን ያማታል ብለውኝ የለ? በመሀረብ ቋጥሬ ድርቆሹ መሀል ከተትኩላት።»

ስሙን አያውቁትም። መልኩን ጠየቅኋቸው። «ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቢጫ።» ትርንጎ ያቆመችው ያው ትራማዶል ነው።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አሁንም አልተናገርኩም። እንደሸኘኋቸው በባጃጅ ወደ ትርንጎ በረርኩ። በሩ ተቆልፏል፤ ስልኳ ዝግ ነው።

ዳቦው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እንዴት አድርጌ ልብላው?

እሁድ

አላገኘኋትም። አብራት የምትኖረው ልጅ «ሌሊት ገብታ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ብላ ወጣች» አለችኝ። በሕይወት አለች፤ እሱም አንድ ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ዞርኩት። ነጠላ የለበሰች ልጅ ሁሉ እሷን ትመስለኛለች።

በሽታውን እኔ ፈጠርኩላት፣ መድኃኒቱን አባቷ አመጡላት። ሁለታችንም ስለምንወዳት። ክንዳቸውን እያመማቸው እኮ ነው ያስቀመጡላት!

ሰኞ

ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ዓይኗ አብጧል። መሀረቡን እጄ ላይ አኖረችው።

«ሁለት ዋጥኩ፣ ቲቸር» አለች። «ሦስተኛውን ላወጣ ስል ቋጠሮው ላይ የአባቴን የጥርስ ምልክት አየሁ። በአንድ እጁ መቋጠር አቅቶት በጥርሱ ነው ያጠበቀው።»

ልቆጣት አቅም አልነበረኝም። አቅፌያት አብረን አለቀስን። ሐኪሙ ጋ ነገ እንሄዳለን። ከመጀመሪያው እንጀምር ይላት ይሆን? አላውቅም።

«ለእሱ ይመልሱለት» አለች። «እጁን ያመዋል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይንገሩት። እኔም አጠገብዎ ልቀመጥ።»

ደወልኩ። አቶ ይግዛው ሰላም እስክላቸው እንኳ አልጠበቁም። «መምህርት፣ ራስ ምታቱ ተሻላት?»

ትርንጎ እጄን ጨብጣ ያዘችኝ።

«ራሷን አይደለም የሚያማት፣ አባቴ» አልኳቸው።