ዞጲውን ሊያስቆርጥ ስለላክኸው ሰው

ይድረስ ለልጄ። እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህስ? ሚስትህና ልጆችህስ፣ ብርዱን ለመዱት ወይስ ገና ያንቀጠቅጣቸዋል? እኔ ከወገቤ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሲያሻኝ እሳደባለሁ። ይህን የምልህ ሰውዬህ «አባቴ ደክሟል፣ እሺ ይላል ብሎኛል» ስላለኝ ነው።

የምትጽፍልኝ እህትህ ናት። «አባባ፣ ትንሽ አለስልሰው» ትለኛለች። እንዳልኩት ጻፊ ብያታለሁ።

የላክኸው የእንጨት ነጋዴ፣ ያ ጥርሰ ወርቅ፣ ማክሰኞ በዝናብ መጣ። ከነጭቃው ገብቶ ወንበሬ ላይ ተዘረጋ። ከቤቱ ጀርባ፣ ቁልቁለቱ ላይ ያለውን የዞጲ ዛፍ አንተ እንደሸጥክለት፣ መጋዝ ሳቢዎቹም ውጭ እንደቆሙ ነገረኝ። እኔ በቁሜ እያለሁ ማን አወረሰህ? እናትህ ዕድሜዋን ያረፈችበትን ጥላ በስልክ ትሸጣለህ? አፈር ብላ ልልህ ነበር፤ እህትህ አልጽፍም ስላለች ትቼዋለሁ።

እምቢ ብለው ሌላ ትልካለህ። ስለዚህ «መስኮት ክፈትና እይ» አልኩት። አንተ ከመጋዝ ስትሸሽ ስላደግህ ረስተኸው ይሆናል፤ ዞጲ ከውጭ ነጣ ያለ ነው፣ የሚፈለገው ጥቁሩ ልቡ ነው፣ ልቡ ሳይጠቁር የሚያረጅም ሞልቷል። ለዚህ ነው ከመቁረጥ በፊት ግንዱን በመሮ ቀድደን፣ መስኮት ከፍተን የምናየው። የት ልክፈት አለኝ። ከሽቅቡ በኩል አልኩት። መሮው እስከ እጀታው ገባ፤ ነጭ። በዚያው በኩል ወረድ ብሎ ሞከረ፤ አሁንም ነጭ። «ልጅህ ተጫውቶብኛል» ብሎ እየረገመህ ሄደ። እኔም አሜን አልኩ።

አሁን እውነቱን ልንገርህ፤ ይቆጭህ ብዬ ነው። ቁልቁለት ላይ ያዘነበለ ዛፍ ልቡ መሐል አይሆንም፤ ወደ ቁልቁሉ ይሸሻል። ስንት ዘመን ጣውላ ሰንጥቄ ይህን ካላወቅሁ ምን አባቴ አውቃለሁ። ድሮ ንፋስ ቅርንጫፉን ሲገነጥለው በዚያ በኩል አይቼዋለሁ፤ እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። ለሌላ ነጋዴ ንገር፣ ግድ የለኝም። ዛፉን ከነመሬቱ ጎረቤት ሰብስቤ ለእህትህ ሰጥቻለሁ። እሷ ይህን ስትጽፍ ታለቅሳለች። እኔ አላለቅስም።

ሚስትህን ሰላም በልልኝ፤ እሷ ስትደውል ስለ ወገቤ ትጠይቃለች፣ አንተ ስለ ዛፉ። ትልቁን ልጅ ግንባሩን፣ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። ሲመጡ ጥላው ሥር ይጫወቱ፤ አክስታቸው አትከለክላቸውም። አንተም ብትመጣ በሩ አይዘጋብህም። ነጋዴ አስከትለህ ከመጣህ ግን ውሻውን አላስርልህም።

አባትህ፣ ከገዛ ቤቱ
ሐምሌ ፲፬ ቀን