ሹሩባ የተሠራው ውሻ

ማክሰኞ፣ ጥር 26
በረዶ። አውቶቡሱ ዘገየ። ሴንት ጄምስ ታውን ቤታቸው ስደርስ ሚስተር ጋቦር ቁርስ ሳይበሉ ጠበቁኝ። ከቁርስ በፊት ያቺን ፕላስቲክ ውስጥ ያለች ሳንቲም ከመደርደሪያው ማቀበል አለብኝ፤ እሳቸው አይደርሱበትም። ሦስት ወር ስንከባከባቸው በየመጣሁበት ቀን እንዲሁ ነው። ያዩዋታል፣ ይመልሱልኛል። ዛሬ አላስቻለኝም።
«እላዩ ላይ ያለው ምንድነው? መወልወያ ነው?»
ሳቁ። «ውሻ ነው። ፑሊ ይባላል፤ የሃንጋሪ የበግ ጠባቂ። ለዘሩ መታሰቢያ የወጣ ሳንቲም ነው፤ የእህቴ ልጅ ላከችልኝ።»
ውሻ? ከአናቱ እስከ እግሩ ሹሩባ የተሠራ ጥቁር ውሻ! ፊቱ የቱ ጋ ነው? በየት በኩል ያያል? ደሞ ማን ቁጭ ብሎ ይሠራዋል... እኔ ለራሴ ጸጉር ጊዜ አጥቼ።

ሐሙስ፣ ጥር 28
ለካ ማንም አይሠራውም። ጸጉሩ ራሱ እየተገመደ ያድጋል። ብርድም ዝናብም አያልፈውም አሉኝ።
ልጅ ሆነው እንዲህ ዓይነት ውሻ ነበራቸው። በፈረንጆቹ 1956 የሩሲያ ታንኮች ሃንጋሪ ሲገቡ አስራ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ ድንበር አቋርጠው ወጡ። ውሻውስ?
«እንዳይከተለኝ በሩ ላይ አሰርኩት።»
ስሙን ጠየቅኩ። ሳይነግሩኝ ሳንቲሟን መለሱልኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው... ግን ማን ይሆን ስሙ?
ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። ሳንቲሟን ከፕላስቲኳ አውጥተው ነክተዋት አያውቁም። ሰው የራሱን ነገር አይነካም እንዴ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 3
ሐሙስ ልደታቸው ነው። ከምሳ በኋላ ሲያሸልቡ ሳንቲሟን አውርጄ ከፕላስቲኳ አወጣኋት። ለካ ሹሩባው የጠቆረው በቆሻሻ ነው። በሎሚና በቤኪንግ ሶዳ ፈተግኳት፤ የእናቴን የብር መስቀል ለጥምቀት የማጸዳው እንዲህ ነው። አቤት አበራሯ! ፕላስቲኳ ውስጥ ከትቼ ቦታዋ መለስኳት። ሐሙስ ይደነቃሉ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4
ጉዴ ፈላ።
አብራኝ ለምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለዮዳሄ የሳንቲሟን ፎቶ አሳየኋት። «መሲ፣ ኖ! ዩ ዋሽድ ኢት?» አለች። ሰርች አድርጋ አሳየችኝ። እንዲህ ዓይነት ሳንቲም አይታጠብም፣ በእጅም አይነካም። ጥቁሩ ቆሻሻ አልነበረም፤ ጸጉሩ ጥቁር እንዲመስል ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።
«አትንገሪያቸው። ሂ ወንት ኢቭን ኖቲስ።»
እውነት ነው፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ ልብ ላይሉት ይችላሉ። ለቀጠረኝ ኤጀንሲ ሪፖርት ካደረጉብኝ ደግሞ ሥራዬ አበቃ። ግን የቤታቸውን ቁልፍ የሰጡኝ ሰው ናቸው። እንዴት አድርጌ ነው ነገ ሳንቲሟን የማቀብላቸው?

ሐሙስ፣ የካቲት 5
ተናገርኩ። ኮቴን እንኳን ሳላወልቅ።
«ሚስተር ጋቦር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሊያስደስትዎ መስሎኝ ሳንቲሙን አጠብኩት። አበላሸሁት።»
አውርጄ ስሰጣቸው መስኮቱ ጋ ተጠግተው አዩዋት። ብዙ ቆዩ።
«ነጭ ሆኗል» አሉ።
«አዎ።»
«ስለየው ሁለት ዓመቱ ነበር። ሲሸብት አላየሁትም።»
ከዚያ ፕላስቲኩን ራሳቸው ከፈቱት። አንዴ ተበላሽቷል፣ ከእንግዲህ ብነካው ምን ይሆናል አሉና ሹሩባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ለልደታቸው ያመጣሁት ኬክ ሳይቆረስ ቀረ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10
መደርደሪያው ላይ ሳንቲሟን አጣኋት። ደንግጬ ስፈልግ ከሹራባቸው ኪስ አወጧት።
«ከእንግዲህ ማቀበል የለብሽም።»
ፊቱን አሳዩኝ። ጣቴን ይዘው በቀኝ በኩል አስነኩኝ፤ ትንሽዬ አፍንጫ። ለካ እስከዛሬ ፊቱ ነው ብዬ የማፈጠው ጅራቱ ላይ ነው! ሁለታችንም ሳቅን።
ገንፎውን እያማሰልኩ ሳለ፣ ሳልጠይቃቸው፣ «ቦድሪ» አሉ።
ዞር አልኩ።
«ስሙ ነው። ካናዳ ከገባሁ ለማንም አልነገርኩም።» ሳንቲሟን በጭብጣቸው ይዘዋል። «እስቲ ጮክ ብለሽ ጥሪው።»
ማንኪያውን አስቀመጥኩና ጠራሁት።