መርዶው ዘግይቶ የደረሳቸው፦ የወ/ሮ ዘርፈሽ በላይ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ዘርፈሽ በላይ ከአባታቸው ከአቶ በላይ ተገኝና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺመቤት አድማሱ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ ከአምቦበር አለፍ ብላ በምትገኝ ትንሽ መንደር ተወለዱ። ቀኑን የጻፈ ሰው አልነበረም። እዚህ እስራኤል ሲገቡ የመዝገቡ ጸሐፊ ጃንዋሪ አንድ ብሎ ሞላላቸው፤ እሳቸው ግን እናታቸው "ጤፍ ሲታጨድ ነው የወለድኩሽ" ስላሏቸው ልደታቸውን በኅዳር ያከብሩ ነበር። ይህን ታሪክ የጻፈው ታላቅ ወንድማቸው ዳኘው ነው። ዕድሜ ልኩን "አንቺ" ያላትን እህቱን ዛሬ "እሳቸው" ብሎ መጻፍ ከብዶታል፤ ወጉ ነውና ግን እንዲህ ጽፏል።

ቤተሰቡ በ1984 ኢየሩሳሌም እገባለሁ ብሎ በእግሩ ተነሥቶ ሱዳን ደረሰ። አቶ በላይ በዚያው ክረምት በስደተኞች መጠለያ ታመሙ። ዘርፈሽን "አባትሽ ይረፍበት" ብለው ወደ አክስታቸው ድንኳን ላኳቸው፤ አባታቸው በሁለተኛው ሳምንት አረፉ። በእኛ ወግ መርዶ እንደ ተራ ወሬ ሜዳ ላይ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ለልጅ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። በዚያ ላይ ቤተ እስራኤል መሆናችን እንዳይታወቅ ለቅሶውም በሆድ ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ዘርፈሽ "አባባ የት አለ?" ብለው ሲጠይቁ፣ የአሥራ ስምንት ዓመቱ ዳኘው "በፊተኛው መኪና ቀድሞ ሄዷል" አላቸው። አሳምሮ ዋሸ፤ አመኑት።

በዲሴምበር እስራኤል ገቡ። አዲስ ገቢዎች በሚቀመጡበት መርካዝ ክሊታም አባታቸው አልነበሩም። ሌላ ከተማ ነው ያሉት ተባለ፤ ቀጥሎም ሆስፒታል ተኝተዋል ተባለ። ዘርፈሽ ዕብራይስጥ መጻፍ እንደ ለመዱ ለአባታቸው ደብዳቤ እየጻፉ "አድርስልኝ" ብለው ለዳኘው ይሰጡት ጀመር። ደብዳቤዎቹን ያቃጠለው እሱ ነው። ካረፉ በስምንተኛው ወር፣ በመጠለያው ጎረቤት የነበሩ አንድ ሽማግሌ ክሊኒክ ወረፋ ላይ አገኟቸውና፣ መርዶው የተነገራቸው መስሏቸው፣ "አባትሽ ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማር" አሏቸው። ሽማግሌውን የሚወቅስ የለም። እንዲህ ያለው ስሕተት በእኛ ሰው ላይ ስንት ጊዜ ደርሷል። ዘርፈሽ ቤት ገብተው "ከእኔ በቀር ያላወቀ ማነው?" ብለው ጠየቁ። ማንም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው በ1990 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨረሱ። በ1993 ከአቶ አይቸው መንግሥቱ ጋር ተጋብተው ሀደራ ከተማ፣ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር ጎጇቸውን ቀለሱ። አቶ አይቸው ጋን ሽሙኤል ባለው የምግብ ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረዋል። ዮሐናንንና ጋሊን ወለዱ፤ ልጅ በቃን ካሉ በኋላም፣ በአርባ አንድ ዓመታቸው፣ ሊኢል መጣች።

በ1998 በአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። አቧራውን ከመጥረግ ይልቅ መጽሐፉን ገልጦ ማንበብ ይቀድማቸው ስለ ነበር፣ ኃላፊዋ ወ/ሮ ኦርና ወይ ማባረር ወይ ማሳደግ ነበረባቸው፤ አሳደጓቸው። ኮርስ አስገብተው የወጣቶቹን መደርደሪያ፣ "ኖዓር" የሚሉትን፣ ሰጧቸው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ይህ መጽሐፍ የወጣት ነው ወይስ የአዋቂ? መጀመሪያ ላይ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ባለታሪኩ ልጅ ከሆነ ወደ ወጣቶቹ ይልኩት ነበር። አንድ ቀን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ መጽሐፍ መለሰችላቸውና "ይሄ ስለ ልጅ ነው እንጂ ለልጅ አይደለም፤ ልጅነቱ የናፈቀው ሽማግሌ ነው የሚያወራው" አለቻቸው። እንደገና ሲያነቡት ልጅቷ እውነቷን ነበር። መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አውርደው እንደ አዲስ ደረደሩት። ወ/ሮ ኦርና ሁለት ሳምንት ፊት ነሷቸው።

ከዚያ ወዲህ መለኪያቸው የባለታሪኩ ዕድሜ አልነበረም፤ የገጹ ብዛትም፣ የሞት መኖር አለመኖርም አልነበረም። ለጠየቃቸው ሁሉ በእኛው ወግ ያስረዱ ነበር። የአዋቂ መጽሐፍ መርዶውን ቀድሞ የሰማ ሰው የሚያወራው ነው፤ ነገሩን አመዛዝኗል፣ የበደለውም ሰው ምክንያት ገብቶታል። የወጣት መጽሐፍ ግን መርዶው ገና ያልደረሳት ልጅ የምታወራው ነው፤ አንባቢው ከእሷ ቀድሞ አያውቅም፣ ሲነገራትም አብሮ ይነገረዋል። ሐዘኑ እኩል ነው፣ ልዩነቱ ተራኪው የቆመበት ቦታ ነው ይሉ ነበር። ይህ በሁሉም መጽሐፍ ላይ ይሠራል ወይ ሲባሉ "አይሠራም፤ እኔን ግን ሃያ ዓመት አሠርቶኛል" ብለው ይስቁ ነበር።

በ2016 በዕብራይስጥ የራሳቸውን ልብ ወለድ ጀመሩ፤ አባቷ "ቀድሞ ሄዷል" ስለ ተባለች ልጅ። በመጀመሪያው ረቂቅ ተራኪዋ የሃምሳ ዓመት ሴት ነበረች። ዳኘው ዕብራይስጡ ስለሚከብደው ጋሊ አነበበችለት። ሴትዮዋ በአንድ ምዕራፍ ላይ ስለ ወንድሟ ስታነሣ "እሱም ልጅ ነበር፤ ያን ውሸት ብቻውን ተሸከመው" ትላለች። ዳኘው እዚያ ላይ አለቀሰ። ወ/ሮ ዘርፈሽ ግን ረቂቁን ጥለው ለወጣቶች እንደገና ጻፉት። ዶሮን የሚባለው አሳታሚ "ለወጣት ከሆነማ አባትየው ቢተርፍ ምናለ?" ሲላቸው "ሞቱ የትም አይሄድም፤ ከመጽሐፉ የሚወጣው እኔ ዛሬ የማውቀው ነው" አሉት። ስለ ወንድሟ የሚያነሣው ያ ምዕራፍም አብሮ ወጣ።

ዳኘው ተናዶ መጣ። "ይቅርታውን ለምን አወጣሽው? ሰው ሁሉ ውሸታም ብሎ ሊያውቀኝ ነው?" አላቸው። እሳቸውም "አያ፣ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ግን ገና እዚያ አልደረሰችም፤ በእሷ አፍ ይቅርታ ብጨምር እኔም ዋሸኋት ማለት ነው" ብለው መለሱለት። ዳኘው አኩርፎ ያን ዓመት ለፋሲካ እንኳ ቤታቸው አልሄደም። መጽሐፉ በ2019 ታተመ፤ የሰፈሩ ልጆች እየተቀባበሉ ሽፋኑን ጨረሱት።

በኖቬምበር 2024 ወ/ሮ ዘርፈሽ የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ዳኘውና አቶ አይቸው ተመካክረው፣ ልጅ ናት በማለት፣ ለሊኢል "የጨጓራ አልሰር ነው" አሏት። ወ/ሮ ዘርፈሽ ይህን አላወቁም። በፌብሩዋሪ ሊኢል ለአልሰር የሚስማማውን ምግብ ከኢንተርኔት ፈልጋ፣ በወረቀት አትማ፣ አልጋቸው ድረስ ስታመጣላቸው ነው የገባቸው። ዳኘውን አስጠሩት። "አያ፣ አንተው ራስህ ትነግራታለህ። ዛሬ" አሉት። ፈተናዋ እስኪያልፍ ብሎ ለመናቸው። "የእኔስ ምን እስኪያልፍ ነበር?" አሉት።

በባሕሩ ዳር ይዟት ወጥቶ ነገራት። አላለቀሰችም። "ከመቼ ጀምሮ?" አለችው፤ ነገራት። "አልሰር ያልከው አንተ ነህ?" አለችው፤ አዎ አላት። ተነሥታ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍራሿን እናቷ ክፍል አነጠፈች፤ የመድኃኒቱን ሰዓት ያዘች፤ የፈራችውን ሁሉ እናቷን ጠየቀች፣ እናቷም የሚያውቁትን ሁሉ መለሱላት። ስምንት ወር እንዲህ ኖሩ። ይስቁም ነበር። ዳኘው በ1984 ከእህቱ ምን እንደ ወሰደባት ያየው እነዚህን ሁለቱን ሲያይ ነው። አባታቸው ሁለት ሳምንት በሕይወት ነበሩ፤ እሷም ጥቂት ድንኳን ብቻ ርቃ ነበረች።

ወ/ሮ ዘርፈሽ በላይ ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28 ቀን 2025፣ የሲግድ በዓላችን ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በሃምሳ አራት ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ሊኢል እጃቸውን ይዛ ነበር። በዚያ ቤት መርዶ የሚነገረው ሰው አልነበረም።

ባለቤታቸው አቶ አይቸው፣ ልጆቻቸው ዮሐናን፣ ጋሊና ሊኢል፣ ወንድማቸውም ዳኘው ሐዘን ላይ ናቸው። ሊኢል ከአጎቷ ጋር እስካሁን ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጠችም። ይቅርታ ጠይቋታል፤ መልሱ በራሷ ጊዜ የሚመጣ ነውና ማንም ሽማግሌ ሆኖ እንዳይገባ ይለምናል። ለቅሶ ቤት ስትመጡም ልጅቷን አይታችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አታድርጉ፤ ከጠየቀቻችሁ እውነቱን ንገሯት።

የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ሳይሰነባበቱ የተለያዩትን አባትና ልጅ በገነት ያገናኝልን። አሜን።