የትራሙ ታሪክና የልጄ ማስታወቂያ

ኅዳር 8/90፣ ሰኞ
ከቤተ መጻሕፍት አሁን ገባሁ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ማስታወሻዬ፣ የትራሙን ታሪክ ጨረስኩ። ለእድራችን መጽሔት ነው። ከሚኒያፖሊስ ወጥቶ ከከተማ ውጭ ይሄድ የነበረው የኤሌክትሪክ ትራም። ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ሐዲድ ያስዘረጉት የሜዳው ባለቤቶች ናቸው። ቦታውን ሸንሽነው ሸጡ፤ ሸጠው ሲጨርሱ ትራሙን እንዲያረጅ ተዉት። ይህን ሁሉ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጻፍኩት። በቃ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ
አስጠላኝ። ልጄ ዳንኤል ደወለ። ሮዝቪል ከተማ ቤት ያሻሽጣል፤ የመጽሔቱ የጀርባ ገጽ የእሱ ማስታወቂያ ነው። አዘጋጁ ጽሑፌን አሳይቶታል። ያቺ ስለ ሜዳው ባለቤቶች የጻፍኳት ዐረፍተ ነገር ትሰረዝ አለኝ። «አባዬ፣ ቤት ሻጭ ሁሉ ሌባ ነው ያልክ ነው የሚመስለው። ከስተመሮቼ ያነቡታል!» የጻፍኩት ስለ ትራም ነው፣ ከነካህ ራስህን መርምር አልኩት። ስልኩን ዘጋሁበት። ቤት ሻጭ ታሪክ ሲያርም! ቱ!

ኅዳር 12፣ ዓርብ
ጭራሽ ሽማግሌ ላከብኝ። በአባቱ ላይ! አቶ በቀለና አቶ ሙስጠፋ፣ ሁለቱም የእድሩ ሰዎች፣ ገብተው በሩ ሥር ቆሙ። ከልጅህ ታረቅ፣ እሺ ካላልከን አንቀመጥም አሉ። ወንበር ሳብኩላቸው። እምቢ አሉ። እኔም ቆምኩ። የጫማቸው በረዶ ምንጣፌ ላይ ቀለጠ። ይህን ወግ የማውቀው ለትዳርና ለደም ነው። ለማስታወቂያ! የአቶ በቀለ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። የታመመ ጉልበት ይዞ የመጣው ሆን ብሎ ነው። እሺ፣ ታርቄያለሁ፣ ተቀመጡ አልኩ። ገና ከመቀመጡ አቶ ሙስጠፋ፣ ዐረፍተ ነገሯስ አለ። የጠየቃችሁኝ እርቅ ነው፣ እሷን አይደለም አልኩ። «አንተ ሰውዬ፣ ቀብርህም ላይ ትከራከራለህ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ኅዳር 14፣ እሁድ፣ 6 ሰዓት
አዘጋጁ ዐረፍተ ነገሯን ቆርጦ ሊያትም ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ያለ ኀፍረት ነገረኝ። ነገ ሄጄ ጽሑፉን በሙሉ አስመልሳለሁ። ተቆርጦ በተሰፋ ነገር ላይ ስሜ አይወጣም። በባዶው ገጽ የዳንኤልን ማስታወቂያ ያግዝፉበት።

እርቁ ግን እርቅ ነው። እሺ ብያለሁ። ለዳንኤል ደወልኩለት፤ ነገ ጾም ይገባል፣ ዛሬ ምሳ ና አልኩት። እመጣለሁ አለ። ድምፁ ቀጥኖ። ከምሳ በፊት ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነብለታለሁ። ያቺ ዐረፍተ ነገር ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አላደርግም። ካልፈለገ ጆሮውን ይድፈን፣ ግን አይነሳም። በሩ ተንኳኳ። መነጽሬን የት አኖርኩት?