ሲያቆሙት የሚነሳው የውባንተ ሥራ

ይድረስ ለልጄ ለሰርክአዲስ፣

እንደምን ከረምሽ ልጄ? የካርቱም ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ያ የጎንሽ ውጋትስ ለቀቀሽ ወይ? እኔ አለሁ፤ ብቻ መቀመጥ አቅቶኛል። ቁጭ ስል እነሳለሁ፣ ስነሳ ወዴት ልሄድ እንደነበር ይጠፋብኛል። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፅሽን ስሰማ እንባ ይቀድመኛል፤ ስለዚህ ቀስ እያልሁ ጻፍሁት።

ወንድምሽ ውባንተ ከመሞቱ በፊት በሰሊጥ መጋዘኑ ኮምፒውተር ላይ የሠራውን ታውቂያለሽ። በየማለዳው በገበሬው ስልክ «ዛሬ ሰሊጥ እንቀበላለን» የሚል መልእክት ይልካል። መጋዘኑ ሞልቶ ግዢ ከቆመ አሥር ቀን ሆነው፤ መልእክቱ ግን አልቆመም። ሒሳብ ሠራተኛው ይስማው ሲያቆመው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ ይነሳል። ማሽኑን እንዳያጠፉት ሚዛኑም የሚሠራው በሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ውባንተ በሕይወቱም እሺ አይል ነበር» ብሎ ሰውን አሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ወጥቼ ግን አለቀስሁ።

ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እራት ስናቀርብ ነግሮኛል፦ «እማ፣ መልእክት ላኪው ጠባቂ ፕሮግራም አለው። የጻፍሁለትን በየግማሽ ሰዓቱ ያነባል፤ ‹ይሥራ› የሚል ካገኘ የቆመውን ያስነሳል። ማቆም የፈለገ ጽሑፉን ይለውጥ።» ጽሑፉን ለመለወጥ የሚያስፈልገው የምስጢር ቃል ያለበት ደብተር ከሣጥኔ ውስጥ ነበር። ይስማው ሁለት ጊዜ ቢጠይቀኝ «አላየሁም» አልሁት። የልጄ እጅ ገና ይሠራል ብዬ ነው። በየቀኑ ሰበብ እየፈለግሁ ወደ መጋዘኑ እሄዳለሁ፤ «ዛሬም ተነሳ» ሲሉ ሰምቼ እመለሳለሁ።

ትናንት ግን ገበሬዋ ውቢት መልእክቱን አይታ ከሽንፋ ድረስ ሰሊጧን በጋሪ ጭና መጣች። በሩን ተዘግቶ አገኘችው። «ውባንተ እኮ ዋሽቶን አያውቅም» አለችኝ። ልጄን ከሞተ በኋላ ውሸታም ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ደብተሩን ካርቱም በሚመላለሰው ሾፌር በኢሳ ልኬልሻለሁ። ኮምፒውተር ሙያሽ ነውና የሚለወጠውን ለይስማው በስልክ ንገሪው። እስከዚያ የሽንፋ ሰዎች እንዳይመጡ በውቢት ቃል ልኬላቸዋለሁ። ብቻ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድመሽ አስታውቂኝ፤ ግማሽ ሰዓቱ እስኪያልፍ ከማሽኑ ጎን ልቀመጥ።

አማቼን አለልኝን ሰላም በይልኝ። የትንሿን የሠላማዊትን ጉንጭ ሳሚልኝ። ጎረቤታችን አየሁሽ ናፍቃሻለች። ደብተሩንም አትጣይው፣ መልሺልኝ።

እናትሽ ሀብትነሽ
ገንዳ ውሃ፣ ጥር 18 ቀን 2007 ዓ.ም.